ሁለት ውግዘት በአንድ አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገደኛ እንጦጦን ተሻግሮ ሲወርድ የሚቀበለው የሱሉልታ ሜዳ ነው። በበጋ የከብት መሰማሪያና የድርቆሽ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ውኃ ያቁራል፤ ጭቃው እግር ይይዛል፤ ጭነት የያዘ በቅሎ ዳር ዳሩን ካልሆነ አይሻገረውም። ከሱሉልታ ወዲያ ጫንጮ፣ ከጫንጮ ወዲያ ደብረ ሊባኖስና ፍቼ አሉ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም ከሰላሌ የተነሣ የአርበኛ ጦር በዚህ አቅጣጫ ወደ ዋና ከተማዋ ሲወርድ፣ አብረውት ከተጓዙት አንዱ ጳጳስ ነበሩ።

አቡነ ጴጥሮስ የፍቼ ልጅ ናቸው። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። በ1921 ዓ.ም ካይሮ ላይ በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ከተቀቡት አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆኑ። ከዚያ በፊት ለ1 ሺህ 600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ጳጳስ ከግብፅ እየተላከ የሚመጣ ሰው ነበርና፣ የአራቱ ሹመት ለአገሩ ታላቅ ነገር ነበር። ጴጥሮስ፣ ሚካኤል፣ አብርሃም፣ ይስሐቅ፦ አንድ ሃይማኖት የተማሩ፣ አንድ እጅ የተጫነባቸው መነኮሳት። አሥር ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ በጣሊያን ጥይት ሞቱ፤ አንዱ ደግሞ በጣሊያን ተሹመው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአርበኛና የባንዳ ታሪክ ሆኖ ነው። አርበኛም ባንዳም ነበር፤ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ በጣሊያን ወረራ አምስት ዓመት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ገበሬ ፊት የተደቀነው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነበር። ጳጳሳት በአንድ አምላክ ስም ተቃራኒውን ሲያወግዙ የማንኛቸውን ይፍራ?

ውግዘት በዚያ ዘመን የዋዛ ነገር አልነበረም። የተወገዘ ሰው አይቆርብም፤ ሲሞት ፍትሐት አይደረግለትም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ማኅበርተኛው ይሸሸዋል። ፖለቲካውም ያለ ውግዘት አይቆምም ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ሰገሌ ላይ ጦር ከመማዘዙ አንድ ወር ቀድሞ መኳንንቱን ከመሐላቸው የፈታው የግብፃዊው ጳጳስ የአቡነ ማቴዎስ ቃል ነው። ያን ቀን ያየ ሰው ጳጳስ የያዘው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ጣሊያኖችም ያውቁ ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሚያዝያ 27 የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ገባ። በቅዱስ ማርቆስ መንበር የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ከተማዋን አልለቀቁም፤ ለአዲሱ ገዥ ገቡ። በእሳቸው ላይ ለመፍረድ መቸኮል ቀላል ነው። የውጭ ሰው ናቸው፤ የሚጠብቁት መንጋ አለ፤ ቅዳሴ እንዳይታጎል የሚያስብ ጳጳስ ከገዥ ጋር ሲስማማ የመጀመሪያው አይደለም። ግን የእሳቸው መግባት ለወራሪው ከአንድ ክፍለ ጦር የሚበልጥ ነገር ሰጠው። ከዚያ በኋላ ጫካ የገባ ሁሉ በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያንም ዓይን ሽፍታ ነው ለማለት ተመቸው።

በዚያ ክረምት ጣሊያን በሸዋ ውስጥ አጥብቆ የያዘው ከተማዋንና የባቡሩን ሐዲድ ያህል ነበር። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ በሆለታ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ የአርበኛ አገር ናቸው። አርበኞቹ ከተማዋን ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ለማጥቃት አሰቡ። የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ከሰሜን፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ከምሥራቁ ወገን፣ ደጃዝማች ባልቻ ሰበታ ካለችበት ከደቡብ ምዕራብ እንዲገቡ ታሰበ። ሐምሌ 21 ቀን ተጀመረ። ዝናቡ ግን የማንም ወገን አልነበረም። ወንዙ ሞላ፤ መልእክተኛ ቀረ፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና በመንገድ ላይ ነበር። ወደ ከተማዋ እምብርት የዘለቁ ነበሩ፤ ሊይዟት ግን አልቻሉም።

አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ወታደራዊ ችሎት ፊት ቆሙ። አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። አቡነ ቄርሎስ ገብተው ሳለ እርስዎ ለምን ይለያሉ ሲባሉ፣ ቄርሎስ ግብፃዊ ናቸው፣ እኔ ግን የዚህ አገር ሰው ነኝ የሚል መልስ መስጠታቸው ይተረካል። ከዚያ ይልቅ ለጠላት የሚገዛውን ሰው፣ ምድሪቱንም ጭምር አወገዙ። በዚያው ቀን ከተማው መካከል፣ ሕዝብ እያየ፣ በጥይት ተገደሉ።

ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ቀን ለመድረክ ጽፈውታል። የጸጋዬ ጴጥሮስ በሞቱ ሰዓት ከእመቤታችን ጋር የሚሟገት፣ የሚጨነቅ ሰው ነው። ድንጋይ አይደለም። ለእውነቱ የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ አገር ሙሉ፣ መሬቱ ሳይቀር፣ በውግዘት ማሰር ለአንድ መነኩሴ ቀላል ቃል አይደለምና። እርሻውን ትቶ ጫካ መግባት የማይችለው ገበሬ፣ ልጅ ያዘለችው ሴት፣ ለጣሊያን ገበያ ቅቤ የሚሸጠው የሱሉልታ ሰው ሁሉ በዚያ ቃል ውስጥ ነበሩ።

በደቡብ ምዕራቡ በኩል የነበሩት ባልቻ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። የዓድዋ መድፈኛ፣ የሲዳሞ ገዥ። በ1920 ዓ.ም ጦራቸውን አስከትለው አዲስ አበባ ሲመጡ በዘዴ ተሸነፉ፤ ከእስር በኋላም ገዳም ገቡ። የመነኮሰ ሰው ለዓለም የሞተ ነው፤ ሰይፍ መልሶ አያነሣም። ባልቻ አነሡ። ጣሊያን ሲመጣ ከገዳም ወጥተው ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም መግቢያ ላይም እጅ አልሰጥም ብለው እየተዋጉ ወደቁ። በገዳም ሥርዓት ከተመዘኑ ጥፋተኛ ናቸው። ያን ዘመን ግን በዚህ የከሰሳቸው የለም፤ ሕዝቡ ሥርዓቱ የት ላይ እንደሚያቆም ያለ ሊቅ እርዳታ ያወቀ ይመስላል።

በምዕራብ፣ ቡራዩና ገፈርሳን አልፎ በሆለታና በአምቦ በኩል በሚሄደው መንገድ መጨረሻ፣ ጎሬ ላይ አቡነ ሚካኤል ነበሩ። እሳቸውም ሕዝቡ ለጣሊያን እንዳይገዛ አስተማሩ። የጣሊያን ጦር ምዕራቡን ሲይዝ በ1929 ዓ.ም እሳቸውም ተገደሉ። በአራት ወር ልዩነት ሁለት ጳጳስ።

ከዚያ የሰላሌው ጉዳይ መጣ። ደጃዝማች አበራ ካሣ ከሐምሌው ሽንፈት በኋላ ፍቼ ተመልሰው ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ትራኪያ እጅ ቢሰጡ ነፍሳቸው እንደማይነካ ቃል ገባላቸው፤ ከጣሊያን ጋር የነበሩ መኳንንትም መክረው ጻፉ። አበራ አመኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም አላመኑም፤ ጫካ ገቡ፣ ኋላም የጦር መሪ ሆኑ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም አበራና አስፋ ወሰን እጃቸውን ሰጡ፤ በዚያው ቀን ተገደሉ። ቃል የገባ ሰው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ ማመን በአገሩ ወግ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። አበራን የገደላቸው አንዱ ነገር ይኸው ጨዋነታቸው ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በዛሬው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የጣሊያን ገዥ ግራዚያኒ ድሆችን ለምጽዋት ጠራ። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ ስለ ተወለደለት ለእያንዳንዱ ድሃ ሁለት ብር ሊሰጥ ነው። ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ ደሃው ቄስ ግቢውን ሞላው። አቡነ ቄርሎስም ከሹማምንቱ ጋር ነበሩ። ምጽዋት በኢትዮጵያ ነፍስ የሚያድን ነገር ነው ተብሎ ይታመናል፤ ግራዚያኒ የፈለገው ያን እምነት ለራሱ ዝና ማዋል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ፣ አልሞተም። ወዲያው ወታደሮቹ በግቢው ውስጥ ባለው ድሃ ላይ መትረየስ ከፈቱ፤ ሁለት ብር ሊቀበል የመጣው ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አለቀ። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን ቤት አቃጠሉ፣ ያገኙትን ገደሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቹን 30 ሺህ ብሎታል፤ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምተዋል።

ቦምብ የወረወሩትን ሁለቱን ወጣቶች ከዚያ ያወጣቸው ስምዖን አደፍርስ ነው። ታክሲ ነጂ ነበር። በመኪናው ጭኖ በሰሜኑ መንገድ፣ በሱሉልታ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ ወሰዳቸው። እሱ ተመልሶ ተያዘ፣ ተሠቃይቶ ሞተ። አብርሃና ሞገስ ወደ ሱዳን ሲያቀኑ በመንገድ ተገደሉ። ሁለቱ ወጣቶች ያን ቀን ሲያስቡ ግቢው በድሃ እንደሚሞላ ያውቁ ነበር፤ ለጥቃቱ የተመረጠው የምጽዋቱ ቀን ነውና። በአገሩ ጀግኖች ናቸው፤ መሆንም ይገባቸዋል። ይሁንና ገዳዩ ግራዚያኒ መሆኑ ምንም ሳይጠረጠር፣ የእነዚያ ድሆች ጥያቄ ከታሪኩ ተቆርጦ ሲቀር ታሪኩ ይሳሳል።

ግራዚያኒ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ቀጥሎ ያሳደዳቸው መሣሪያ ያልያዙትን ነው። ባሕታውያን፣ ጠንቋዮች፣ ወሬ ነጋሪዎችና አዝማሪዎች እየተለቀሙ እንዲገደሉ አዘዘ፤ የጣሊያን መንግሥት ይወድቃል ብለው ይተነብያሉ ተብለው። ቤተ ክርስቲያን ባሕታዊውን ታከብራለች፣ ጠንቋዩን ታወግዛለች። የጣሊያን ጦር ሁለቱን በአንድ ረድፍ አቁሞ ተኮሰባቸው።

ቀጥሎ ደብረ ሊባኖስ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ከአገሪቱ ሁሉ የከበረ ነው፤ የገዳሙ አለቃ እጨጌው ለዘመናት ከጳጳሱ ቀጥሎ የሚጠራ ሰው ነበር። ግራዚያኒ መነኮሳቱ የየካቲቱን ሰዎች ረድተዋል ብሎ ወሰነ፤ ሥራውን ለጄኔራል ማሌቲ ሰጠ። የተመረጠው ጊዜ ግንቦት 12፣ የጻድቁ የፍልሰተ ዐፅም በዓል ነው። ለበዓሉ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ሳይቀር ተከበበ። መነኮሳቱ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ተወሰዱ፤ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም ተረሸኑ። የተኮሰው የቅኝ ግዛት ጦር ሙስሊም ወታደሮች ያሉበት ሆኖ ተመርጧል፤ ክርስቲያን ወታደር በመነኩሴ ላይ ሊያመነታ ይችላል ተብሎ። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን መገደላቸውን አስታወቀ። ቀርተው የነበሩ 129 ዲያቆናት ከቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ ተገድለው ተጨመሩ። ካምቤል ለዓመታት የዓይን ምስክሮችን እየጠየቀ ባካሄደው ጥናት ሟቾቹን ወደ 2 ሺህ ያደርሳቸዋል።

ከሟቾቹ መካከል አብርሃንና ሞገስን ያስጠለለ ይኖራል፤ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅም ብዙ ይኖራል። የሚጾም፣ የሚሰግድ፣ ሰው ያልበደለ መነኩሴ ከሌላው ተለይቶ አልታየም። አንዳንድ ሰባኪ ይህን የኃጢአታችን ዋጋ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ መከራ ሁሉ ቅጣት ነው የሚለው ትምህርት በአገሩ ሥር የሰደደ ነው። ላጋ ወልዴ ላይ ግን ይህን ትምህርት መያዝ ያስቸግራል። የሟቾቹ ኃጢአት ከገዳዮቹ ይበልጥ ነበር ማለት ይሆናልና።

በ1930 ዓ.ም የውግዘቱ ነገር ተገለበጠ። ጣሊያኖች የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ሊለዩ ፈለጉ። አቡነ ቄርሎስ ሮም ተወስደው ከሙሶሊኒ ጋር ቢገናኙም ለዚህ አልመች አሉ፤ ወደ ግብፅ ሄደው አልተመለሱም። የገቡት ሰውዬ እዚህ ላይ እምቢ አሉ። በኅዳር ወር የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም፣ በ1921 ከጴጥሮስ ጋር ካይሮ የተቀቡት፣ ሊቀ ጳጳስ ተብለው ተሾሙ። በዚያ ጊዜ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ጳጳሳትን ሾሙ፣ አርበኞቹን አወገዙ። እስክንድርያ ደግሞ እሳቸውንና የሾሟቸውን አወገዘች።

አሁን የመንደሩ ቄስ ምን ያድርግ? በእያንዳንዱ ቅዳሴ የፓትርያርኩና የሊቀ ጳጳሱ ስም ይጠራል። ዲያቆኑ ስሙን ሳይጠራ ሊያልፈው አይችልም። የእስክንድርያውን ቢጠራ የጣሊያን ሹም ይጠረጥረዋል፤ አብርሃምን ቢጠራ በተወገዘ ሰው ስም ቀደሰ ይባላል፤ ጫካ ካለው ልጁ ጋርም ይጣላል። ሰበታ ላይ የቀደሰ ቄስ እሑድ ጠዋት ስም በመጥራት ብቻ ወገን ለየ ማለት ነው። በጴጥሮስ ቃል የተገዛ ሁሉ የተወገዘ ነው፤ በአብርሃም ቃል የሸፈተ ሁሉ የተወገዘ ነው። በመካከል የቀረ ንጹሕ ሰው የለም።

ብዙው ሰው መፍትሔ ያገኘው በሥነ መለኮት አይደለም። የውስጥ አርበኛ ሆነ። ቀን ለጣሊያን ይጽፋል፣ ያስተረጉማል፣ ይሸጣል፤ ሌሊት ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ መንገድ ወደ ጫካ ይልካል። ሥራው ከጥዋት እስከ ማታ ሐሰት መናገር ነው። በመሐላ ይዋሻል፤ የሚያታልለው ሰው ደግሞ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። የታወቁት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ገንዘባቸውን ለአርበኛ አፈሰሱ፤ ተይዘው አሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ ሲመለሱም በቡራዩ መንገድ ላይ ካለው አዲስ ዓለም ምሽግ ጋር የተያያዘውን ጥቃት አቀነባበሩ። ሐሰት የማይወጣው አፍ ያለው ሰው ይህን ሥራ አይሠራም። ምንም ያልዋሸው ግን ማንንም አላዳነም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ ባዶሊዮ በገባበት ቀን ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም በፍቼና በሱሉልታ በኩል መጥተው እንጦጦ ማርያም ጸልየው ወደ ከተማዋ ወረዱ። በዚያን ዕለት ባደረጉት ንግግር ክፉን በክፉ አትመልሱ አሉ፤ በጣሊያኖች ላይ በቀል እንዳይፈጸም አዘዙ። ትእዛዙ በአብዛኛው ተከበረ። ይህ ለየካቲት 12 ሟቾች ልጆች ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ምሕረቱ ደግሞ ለባንዳም ተዘረጋ፤ መንግሥት ጸሐፊ ያስፈልገዋል፣ ጣሊያን ያስተማረው ጸሐፊ አለ። ጫካ የከረመው ብዙ አርበኛ መሬትና ሹመት ሲጠብቅ ባንዳው ቢሮ ተቀምጦ አገኘው። ለብዙ ዓመት የቆየ ቅሬታ ከዚያ ጀመረ፤ ትክክልም ነበር።

ማሌቲ ያን ቀን በሕይወት አልነበረም፤ በኅዳር 1933 ግብፅ በረሃ ላይ ኒቤይዋ በተባለ ሰፈር በእንግሊዝ ጦር ተገድሏል። ግራዚያኒ ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ውስጥ ተከሶ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ክሱ ግን ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው። ስለ የካቲት 12 ወይም ስለ ደብረ ሊባኖስ አልተጠየቀም። ከጥቂት ወራት እስር በኋላ ተፈታ፤ በ1947 ዓ.ም አልጋው ላይ ሞተ። በ2004 ዓ.ም ከሮም ብዙ በማትርቅ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት።

የውግዘቱ ነገር በድርድር አለቀ። እስክንድርያ በአብርሃምና በሾሟቸው ላይ የጣለችውን ግዝት አነሣች። አቡነ ቄርሎስ በ1934 ዓ.ም ከግብፅ ተመልሰው በቀድሞ መንበራቸው ተቀመጡ፤ በ1943 መጀመሪያ ዐረፉ። በዚያው ዓመት ጥር 6 ቀን፣ በወረራው ዘመን በስደት የቆዩት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አቡነ ባስልዮስ እስክንድርያ የተቀበለችው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ጳጳሳትን የመቀባት ሥልጣንም ተሰጣቸው።